ብዕርና ባሕር

እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1938 በሄልሲንኪ የሚታተም «ጋርም» የተባለ የፌዝ መጽሔት አንድ ቅብጥ ሕፃን ይዞ ወጣ። ሕፃኑ ሽንት ጨርቅ ታስሮለት፣ አፉን ከፍቶ ያለቅሳል፤ ኬክ ጨምሩልኝ ነው የሚለው። የከበቡት የአውሮፓ ታላላቅ መሪዎች ደግሞ ዝም እንዲልላቸው ቁራሽ በቁራሽ ላይ ያቀርቡለታል። ቁራሾቹ አገሮች ናቸው። ሕፃኑ ሂትለር መሆኑን ለማወቅ የሥዕሉን መግለጫ ማንበብ አያስፈልግም ነበር። እነዚያው መሪዎች በሙኒክ ተሰብስበው ከቼኮዝሎቫኪያ መሬት ቆርሰው ከሰጡት ገና ሳምንታት ቢያልፉ ነው።

ሥዕሉን የሣለችው ቶቬ ያንሶን የተባለች የ24 ዓመት ወጣት ነበረች። ዓለም በኋላ ያወቃት ግን በሂትለር አይደለም፤ ሙሚን በሚባሉ፣ ጉማሬ በሚመስሉ፣ ነጫጭና ድምቡሽቡሽ ፍጡራን ነው። የሙሚን መጻሕፍት ከ50 በላይ በሆኑ ቋንቋዎች ተተርጉመዋል። በፊንላንድ የሙሚን ምስል ያለበት የቡና ኩባያ ያልገባበት ቤት ማግኘት ያስቸግራል። ይህን ሁሉ ያመጣው ብዕር ግን ለረጅም ጊዜ የቤት ኪራይ መክፈያ ብቻ ነበር። ቶቬ ራሷን የምትቆጥረው እንደ ቀለም ቅብ ሠዓሊ ነው፤ የመጽሔትና የመጽሐፍ ሥዕሎቹ ለእንጀራ የሚሠሩ ነበሩ።

ሄልሲንኪን ላላየ ሰው፣ ከተማዋ ከባሕር አጠገብ ተሠራች ከማለት ባሕር ውስጥ ገብታ ተቀመጠች ማለት ይቀላል። በሦስት በኩል ውኃ ነው፤ ፊት ለፊቷ በመቶ የሚቆጠሩ ደሴቶች ተበትነዋል። ቶቬ ኦገስት 9 ቀን 1914 ተወልዳ ያደገችው ካታያኖካ በተባለው ባሕረ ገብ ሰፈር ነው። ቤታቸው የነበረበት ጎዳና ሉኦትሲካቱ ይባላል። ትርጉሙ መርከቦችን እየመሩ ወደብ የሚያስገቡ ባለሙያዎች ጎዳና ማለት ነው። በክረምት ባሕሩ ይረጋል። ሰው ጀልባ ሲቀዝፍበት በከረመው ውኃ ላይ በእግሩ ይሄዳል፤ መንገድ የሚከፍቱት በረዶ ሰባሪ መርከቦች መናኸሪያም እዚያው ካታያኖካ ነው። ለዚህች ልጅ ባሕር ማለት በየወሩ መልኩን የሚለውጥ፣ ሲፈልግ ውኃ ሲፈልግ መሬት የሚሆን ጎረቤት ነበር።

አባቷ ቪክቶር ያንሶን ቀራጺ፣ እናቷ ሲግኔ ሀማርስቴን ደግሞ ከስዊድን የመጣች ሠዓሊ ነበረች። አባትየው በሸክላና በነሐስ ይሠራል፤ ሐውልት ግን በየቀኑ ገዢ አይመጣለትም። የቤቱን እንጀራ የምትጋግረው እናትየው በብዕሯ ነበር። የመጽሐፍ ሽፋን ትሥላለች፣ ለመጽሔት ካርቱን ትሥላለች፤ ለፊንላንድ ፖስታም ከመቶ በላይ ቴምብሮች ነድፋለች። በአንድ ቤት ውስጥ ሁለት ዓይነት ጥበብ ይኖር ነበር ማለት ነው፤ የሚከበረውና የሚያበላው። ቶቬ መሥመር መሳብ የተማረችው ከሚያበላው ጎን፣ በእናቷ ጉልበት ላይ ተቀምጣ ነው።

አባትየው ሌላ ነገር አውርሷታል። ቪክቶር ማዕበል የሚወድ ሰው ነበር። ሰማዩ ሲጠቁርና ነፋሱ ሲበረታ ሌላው ሰው ወደ ቤቱ ሲሮጥ እሱ ፊቱ ይበራ ነበር። ሌሊት እሳት ተነሥቶ እንደሆነ ልጆቹን ቀስቅሶ ለማሳየት ይወስዳቸዋል። በሙሚን መጻሕፍት ውስጥ ጎርፍ፣ ጅራታም ኮከብ፣ እሳተ ገሞራና ማዕበል ለምን በዙ ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ መልሱን የሚያገኘው ከዚህ ሰው ነው።

ቶቬ ለ«ጋርም» መሣል የጀመረችው በ15 ዓመቷ፣ በ1929 ነው። እናቷ ቀድማ በዚያ መጽሔት ትሠራ ስለነበር የሙያው በር በቤተሰብ በኩል ተከፈተላት። መጽሔቱ እስከተዘጋበት እስከ 1953 ድረስ አልተለየችውም። በእነዚያ ዓመታት ወደ 500 የሚጠጉ ካርቱኖችና 100 ያህል የሽፋን ሥዕሎች ሠርታለታለች። በመካከሉ ስቶክሆልምና ሄልሲንኪ ተምራለች፣ ፓሪስም ደርሳ ተመልሳለች። ነገር ግን ትምህርት ቤት የማያስተምረውን፣ ማለትም ቀኑ ሳያልፍ ማድረስን፣ አንድን ሐሳብ በመዳፍ በምታህል ቦታ ላይ ማስቀመጥን፣ ሐሙስ የተፈጠረን ነገር አርብ ላይ ሰው ስቆ እንዲረዳው ማድረግን የተማረችው ከመጽሔቱ ነው።

የሙሚን አወላለድ ላይ ሁለት ታሪክ አለ፤ ሁለቱም ከሷው የመጡ ናቸው። አንደኛው የጓዳ ታሪክ ነው። ስቶክሆልም ስትማር አጎቷ ቤት ታርፍ ነበር፤ ሌሊት እየተነሣች ከጓዳ ምግብ ስትቀማምስ ያያት አጎት፣ ከምድጃው ኋላ ሙሚን የሚባል ፍጡር እንዳለና አንገቷ ላይ ቀዝቃዛ ትንፋሽ እንደሚተነፍስባት ነገራት። (እኛ አገር ቢሆን ሥራው የአያ ጅቦ ነበር።) ሁለተኛው የሽንት ቤት ታሪክ ነው። ቤተሰቡ በጋውን በሚያሳልፍበት ደሴት ላይ ከወንድሟ ከፔር ኡሎቭ ጋር ስለ ፈላስፋው ካንት ተከራክራ ተሸነፈች። በንዴት የውጭው ሽንት ቤት ግድግዳ ላይ የምታስበውን መጨረሻ አስቀያሚ ፍጡር ሣለች። አፍንጫው ረጅም ነበር። ያ ፍጡር በ1940ዎቹ መጀመሪያ በ«ጋርም» ካርቱኖች ጥግ ላይ፣ ከፊርማዋ አጠገብ፣ እንደ ማኅተም ብቅ ማለት ጀመረ። መጀመሪያ ቀጭንና ቁጡ ነበር፤ ወፍራምና ገራም የሆነው ቀስ እያለ ነው።

ጦርነቱ ሄልሲንኪ የገባው ኖቬምበር 30 ቀን 1939፣ በሶቪየት አውሮፕላኖች ቦምብ ነው። ቀለም ቅቡ በእጇ አልታዘዝ አላት። ወንድሟ ፔር ኡሎቭ ዘምቷል፤ ጓደኞቿም እንዲሁ። በዚያ ክረምት ነበር ተረት የሚመስል ነገር መጻፍ የጀመረችው፤ ከዚያም ትታው፣ ጦርነቱ ሊያልቅ ሲል መልሳ አንሥታ ጨረሰችው። በ1945 የታተመው ይህ ትንሽ መጽሐፍ ስለ አንዲት እናትና ልጇ ነው። አባት ጠፍቷል፤ ጎርፍ ቤት ንብረቱን ወስዷል፤ እናትና ልጅ መጠጊያ ፍለጋ ይንከራተታሉ። ያን ጊዜ ፊንላንድ ራሷ በሶቪየት ከተወሰደባት ግዛት የተፈናቀሉ ከ400,000 በላይ ሰዎችን ለማስፈር ትባዝን ነበር። መጽሐፉ ብዙም አልተሸጠም።

ሁለተኛው በ1946 ወጣ፤ ጅራታም ኮከብ ወደ ምድር እየቀረበ ነው። የዚህን መጽሐፍ አንድ ሥዕል ባሕር ዳር ያላደገ ሰው የሚያስበው አይመስለኝም። ከሙቀቱ ብዛት ባሕሩ ደርቋል፤ ገጸ ባሕርያቱ በረጃጅም የእንጨት እግሮች ላይ ቆመው በባሕሩ ወለል ላይ ይጓዛሉ። ለተራራ ልጅ የዓለም መጨረሻ ተራራው ሲናድ ነው፤ ለሄልሲንኪ ልጅ ግን አንድ ጧት መስኮት ከፍቶ ባሕሩን ማጣት ነው። መጽሐፉ የወጣው ሂሮሺማ በቦምብ ከነደደች ከአንድ ዓመት በኋላ መሆኑን አንባቢዎቹ አልዘነጉትም።

በ1944 ቶቬ የራሷን ስቱዲዮ አገኘች። ኡላንሊናንካቱ በሚባለው ጎዳና 1 ቁጥር ሕንፃ አናት ላይ ያለ፣ ጣሪያው እጅግ ከፍ ያለ፣ መስኮቶቹ ረጃጅም የሆኑ የግንብ ክፍል ነው። ሲሰጧት ሊኖሩበት የሚቻል አልነበረም። በቦምብ ድብደባው መስኮቱ ረግፏል፣ ግድግዳው ተሰነጣጥቋል፣ ብርዱ አይጣል ነው። ያም ሆኖ ወደደችው። ኪራዩን ለመክፈል ያገኘችውን ሁሉ ትሠራ ነበር፤ የመጽሐፍ ሽፋን፣ የገና ካርድ፣ ማስታወቂያ፣ የግድግዳ ሥዕል። ለሄልሲንኪ ማዘጋጃ ቤት ምግብ አዳራሽ በ1947 የሣለቻቸው ሁለት ትልልቅ የግድግዳ ሥዕሎች ዛሬ በከተማው የሥነ ጥበብ ሙዚየም ይታያሉ። በአንደኛው፣ የከተማ ድግስ በሚታይበት፣ ራሷን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣለች። አጠገቧ ደግሞ፣ ልብ ብሎ ላየ ሰው፣ አንድ ትንሽ ሙሚን ተደብቋል። ከዚያ ግንብ ስቱዲዮ ሳትለቅ እስከ ዕለተ ሞቷ ከሃምሳ ዓመት በላይ ኖራለች።

እዚህ ላይ ስለ አሣሣሏ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም የሙሚንን ገርነት ያየ ሰው ሥራው ቀላል ሊመስለው ይችላል። ቶቬ የምትሠራው በአብዛኛው በጥቁር ቀለምና በቀጭን ብዕር ነው። ጥቁር ቀለም ስሕተት አይምርም፤ እርሳስ በላጲስ ይጠፋል፣ ቀለም ግን ከወረደ ወረደ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ በእርሳስ ደጋግማ ትነድፋለች፤ ብዕሩን የምታነሣው መሥመሩ እጇ ውስጥ ከገባ በኋላ ነው። ጨለማን የምትሠራው ጥላሸት በመቀባት አይደለም። ሺህ ጭረት በሺህ ጭረት ላይ ታደራርባለች። ጫካው፣ የሌሊቱ ባሕር፣ የዋሻው አፍ ሁሉ በጭረት የተሸመነ ነው። በዚያ ሁሉ ጥቁረት መካከል ሙሚን ምንም ያልተሣለበት ባዶ ወረቀት ሆኖ ይቀራል። የገጹ ብርሃን እሱ ብቻ ነው፤ ትንሽ መሆኑን አንባቢው የሚያውቀውም ከጨለማው ስፋት ነው።

በ1952 ባወጣችው የሥዕል መጽሐፍ ደግሞ ወረቀቱን ራሱን ቀደደችው። በእያንዳንዱ ገጽ ላይ ቀዳዳ አለ፤ ሕፃኑ በቀዳዳው አሾልኮ የሚመጣውን ገጽ ያያል፣ ሲገልጠው ግን ያየው የመሰለው ነገር ሌላ ሆኖ ያገኘዋል። ሙሚን ለእናቱ ወተት ይዞ በጫካ ውስጥ ወደ ቤት ሲሄድ የሚያልፍበት መንገድ ሁሉ በቀዳዳ የተያያዘ ነው። ያን ጊዜ ለአታሚዎች ውድና አስቸጋሪ ሥራ ነበር።

ከዚያ የለንደን ጥሪ መጣ። «ኢቭኒንግ ኒውስ» የተባለው የማታ ጋዜጣ በሳምንት ስድስት ቀን የሚወጣ የሙሚን ተከታታይ ካርቱን ፈለገ። ውሉ ለሰባት ዓመት ነበር፤ የመጀመሪያው በሴፕቴምበር 1954 ታተመ። ቶቬ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ በየወሩ የሚገባ ገንዘብ አገኘች። ካርቱኑ ተወዳጅ ሆኖ በአርባ ያህል አገሮች ጋዜጦች ወጣ፤ አንባቢዎቹ በሚሊዮን ይቆጠሩ ነበር። ሥዕሎቹን አንዱን ከሌላው የሚለየው ቀጥ ያለ መሥመር ነው የሚለውን ልማድ ትታ፣ አንዳንዴ የዛፍ ግንድ፣ አንዳንዴ መጥረጊያ፣ አንዳንዴ የመብራት እንጨት ታቆምበት ነበር። የሰለቸ እጅ ራሱን የሚያጫውተው እንዲህ ነው።

መሰልቸቱም አልቀረም። በሳምንት ስድስት ሥዕል፣ በየሥዕሉ ሦስት አራት ክፍል፣ በየክፍሉ አዲስ ቀልድ። ቀለም ቅቡ ጥግ ላይ አቧራ ጠጣ። ሙሚንን እስከ መጥላት ደረሰች። ውሉ ሲያልቅ አላድስም አለች፤ ያዳናት ትንሽ ወንድሟ ላርስ ነው። ላርስ ቀድሞ ጽሑፉን ወደ እንግሊዝኛ ይተረጉምላት፣ ኋላም ታሪኩን ይጽፍላት ነበር፤ ሠዓሊ ግን አልነበረም። እናታቸው አስተማረችው። ከ1960 እስከ 1975 ድረስ ካርቱኑን እሱ ሣለ። ቶቬንም ላርስንም ብዕር ያስያዘቻቸው ያቺው የቴምብር ሠዓሊ መሆኗን ልብ ይሏል።

በዚህ የድካም ዘመን፣ በ1955 የገና ሰሞን፣ ቶቬ ቱሊኪ ፒዬቲላ የምትባል የኅትመት ሠዓሊ አገኘች። ለቀሪው ዕድሜዋ የሕይወት አጋሯ የሆነችው እሷ ናት። ቱሊኪ ስቱዲዮዋ እዚያው አጠገብ ነበር፤ በሕንፃው ጣሪያ ሥር ባለው መተላለፊያ ወደ ውጭ ሳይወጡ አንዷ ከሌላዋ ጋ ትመጣ ነበር። በ1957 የወጣው የክረምቱ መጽሐፍ የዚህ ትውውቅ ፍሬ ነው። ሙሚኖች ክረምቱን ተኝተው ነው የሚያሳልፉት፤ በዚህ መጽሐፍ ግን ልጁ ብቻውን ይነቃል። የሚያውቀው ዓለም በሙሉ ነጭ ሆኗል፣ ባሕሩ ረግቷል፣ እናቱ ብትቀሰቀስ አትነቃም። በባሕሩ ዳር ባለው መታጠቢያ ቤት ውስጥ ቱ-ቲኪ የምትባል፣ ግርፍርፍ ሹራብ የለበሰች፣ ቆፍጠን ያለች ገጸ ባሕርይ ያገኛል። ከበረዶው ሥር ዓሣ ታጠምዳለች፤ ታጽናናዋለች ማለት ግን አይቻልም። ነገሩን እንዳለ ትነግረዋለች፤ የሚማረው ራሱ ነው። ቱ-ቲኪ ቱሊኪ ናት።

ለዚህ መጽሐፍ ቶቬ አሣሣሏን ገለበጠችው። ላዩ በጥቁር የተሸፈነ ነጭ ካርቶን ወስዳ በስለት መፋቅ ጀመረች። ብዕር በነጭ ላይ ጥቁር ይጨምራል፤ ስለት ከጥቁሩ ውስጥ ነጩን ያወጣል። የሄልሲንኪ የዲሴምበር ቀን ብርሃኑ ከስድስት ሰዓት እንኳ እምብዛም አይበልጥም። እንዲህ ያለውን ወቅት ለመሣል ከጨለማ ጀምሮ ጥቂት ጥቂት ብርሃን እየፋቁ ማውጣት የተሻለ ዘዴ መሆኑ የሚገባው ክረምቱን የኖረበት ሰው ነው።

ሌሎቹም ገጸ ባሕርያት ከቤትና ከሠፈር የተወሰዱ ናቸው። ቦርሳዋን ከእጇ የማትለየው እናት ሙሚን ሲግኔ ናት። ኮፍያውን ደፍቶ፣ ንብረት ሸክም ነው እያለ የሚዞረው ስኑፍኪን ከአቶስ ቪርታነን፣ የፓርላማ አባልና ፈላስፋ ከነበረው ወዳጇ፣ ብዙ ወስዷል። ማዕበል ሲመጣ የሚነቃቃው አባት ሙሚን ከማን እንደመጣ አንባቢ ያውቀዋል።

የባሕሩ ነገር ግን ከተማው ብቻ አልበቃትም። ከሄልሲንኪ በስተምሥራቅ በፔሊንኪ ደሴቶች ዳርቻ፣ ከዚያ ወዲያ ሌላ ደሴት የሌለበት ክሎቭሃሩን የሚባል ዓለት አለ። ዛፍ የለውም ማለት ይቻላል። በ1964 ቶቬና ቱሊኪ እዚያ ላይ አንዲት ክፍል ቤት ማሠራት ጀመሩ። የግንባታው ፈቃድ ገና አልጸናም ነበር፤ በአገሩ ሕግ ግን የጣሪያው ተሸካሚ ወጋግራ ከወጣ ቤቱን ማፍረስ አይቻልም የሚል ምክር ሰምተው ተጣደፉ። ለመሠረቱ ቦታ ትልቁን ድንጋይ በፈንጂ አፈረሱት። ቤቱ በአራቱም አቅጣጫ አንዳንድ መስኮት ነበረው፣ መብራት አልነበረውም። ሁለቱ ሴቶች ግን ብዙ ጊዜ የሚተኙት ድንኳን ውስጥ ነው። ጀልባቸውን ቪክቶሪያ አሏት፤ የሁለቱም አባቶች ስም ቪክቶር ነበርና።

በጋ በገባ ቁጥር ከግንቡ ወደ ዓለቱ ይሻገራሉ። መረብ ይጥላሉ፣ እንጨት ይፈልጣሉ፣ ነፋስ ይጠብቃሉ። ቶቬ ትጽፋለች፣ ትሥላለች። ጸጥታው ሙሉ ነበር ማለት አይቻልም፤ ፖስታው እዚያም ይከተላታል። ከልጆች በዓመት ወደ 2,000 ደብዳቤ ይደርሳት ነበር፤ ለሁሉም በእጇ ጽፋ ትመልስ ነበር። ይህ ደግነት ከሥራዋ ስንት መጽሐፍ እንደቀነሰ ማስላት ያስፈራል።

በ1965 የወጣው መጽሐፍ ከዚህ ዓለት ጋር አብሮ የተወለደ ነው። አባት ሙሚን ቤተሰቡን ይዞ መብራት ማማ ወዳለበት ደሴት ይሄዳል። ማማው ግን አይበራም። እናትየው ቤቷ ስለናፈቃት በማማው ግድግዳ ላይ የአትክልት ሥፍራዋን ትሥላለች፤ አንድ ቀን ሥዕሉ ውስጥ ገብታ ትደበቃለች። የሕፃናት መጽሐፍ ተብሎ በተሸጠ መጽሐፍ ውስጥ የደከማት እናት እንዲህ ተሥላ አላየሁም። በሚቀጥለው ዓመት ቶቬ በሕፃናት ሥነ ጽሑፍ የዓለም ትልቁ ክብር የሆነውን የሃንስ ክርስቲያን አንደርሰን ሽልማት ተቀበለች።

እናቷ በ1970 አረፈች። በዚያው ዓመት በወጣው የመጨረሻ የሙሚን ልብ ወለድ ውስጥ ሙሚኖቹ የሉም። ወሩ ኖቬምበር ነው፤ ሰዎች ሊጠይቋቸው ይመጣሉ፣ ቤቱ ግን ባዶ ነው። እንግዶቹ ባዶውን ቤት ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ከዚያ በኋላ ቶቬ የጻፈችው በአብዛኛው ለአዋቂዎች ነው፤ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ፣ በ1972 የወጣው፣ አንዲት አያትና የልጅ ልጇ በደሴት ላይ ስለሚያሳልፉት በጋ ነው።

ሴቶቹ በክሎቭሃሩን ወደ ሰላሳ የሚጠጋ በጋ አሳለፉ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ ቶቬ 77 ዓመት አካባቢ ሳለች፣ ደሴቲቱን ለቀቁ። መረብ መጎተቱ ከብዷቸው ነበር። ከዚያም ይልቅ ዕድሜዋን ሙሉ ማዕበል ስትጠብቅ የኖረችው ሴት ባሕሩን መፍራት ጀምራ ነበር፤ ይህንንም ሳትደብቅ ጽፋዋለች።

ቶቬ ያንሶን ጁን 27 ቀን 2001 በ86 ዓመቷ አረፈች። በካታያኖካ የልጅነት ቤቷ አጠገብ ያለው መናፈሻ ዛሬ በስሟ ይጠራል። ከዚያ ተነሥቶ ወደ ግንቡ ስቱዲዮ በእግር ለሚሄድ ሰው መንገዱ በወደቡ የገበያ አደባባይ በኩል ነው። በየዓመቱ ኦክቶበር ሲገባ የደሴቶቹ ዓሣ አጥማጆች ጀልባቸውን እዚያ አስጠግተው ጨው ገብ ዓሣና ጥቁር ዳቦ ይሸጣሉ፤ ገበያው ከ1743 ጀምሮ አለ። ሻጮቹ ከጀልባ ሳይወርዱ ዓሣውን ለገዢ ያቀብላሉ፤ ነፋስ ካለ ጀልባውም ሚዛኑም አብረው ይወዛወዛሉ።